ንገሯት

ሰውነቴ ተኚ ይለኛል፣ ዓይኔ እምቢ አለ። ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ መጋረጃውን ከዘጋሁ ቆየሁ፤ ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የጀርመኗ ሃኖፈር ሰው ብስክሌቱን እየነዳ ገበያ ይሄዳል፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከአንዲት ሽበታም የአእምሮ ሐኪም ጋር እጣላለሁ። እሷ እኮ እዚህ የለችም። ይሄኔ ቢሮዋ ተቀምጣ የሌላ ሰው እናት እየበለተች ይሆናል። ዶክተር ሊንድነር ትባላለች፤ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ እግሯን አነባብራ የምትቀመጥ፣ «እርስዎ» እያለች አክብራ አንጀት የምትበጥስ። ትናንት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝና ኮቴን በቅጡ ሳልለብስ በሩን አላትሜባት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

«ያን ቀን የጮኹት በማን ሞት ነው?» አለችኝ። በማን ይሆናል፣ በአሮጊቷ ነዋ። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራ፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሲያርፉ ዓይናቸውን መክደን። ከሦስት ወር በፊት አንዲቱ ማለዳ ላይ አረፈች። ጊዝላ የምትባለው ባልደረባዬ ስልኩን አነሳችና ለሟቿ ልጅ ደወለች። «እናትዎ ዛሬ ጠዋት ሞተዋል፣ ዕቃቸውን መቼ መጥተው ይወስዳሉ?» በአንድ ትንፋሽ፣ ሞቱንም ዕቃውንም። ልጅቱ ብቻዋን ትሁን፣ እሳት ላይ ድስት ጥዳ ትሁን፣ ምን ትሁን አልጠየቀቻትም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ማልዶ፣ በር ላይ ተሰብስቦ ነው፤ ቃሉን የሚናገረው ሰው ተመርጦ ነው። ሰው እስኪሰበሰብ ወርም ይፍጅ ዓመት ይደበቃል እንጂ ብቻውን ለቆመ ሰው ሞት አይወረወርበትም። እና ስልኩን ከእጇ ነጠቅሁና ጮኽሁባት። ግማሹ በአማርኛ ነበር አሉ። የሻይ ትሪውም መሬት ላይ ተገኘ፤ እኔ ልወርውረው ራሱ ይውደቅ እስከ ዛሬ አልተጣራም። እዚህ አገር ሰው ሲቆጣ ሽማግሌ አይላክበትም፣ ሐኪም ዘንድ ይላካል። ሂጂ፣ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ አለችኝ አለቃዬ። ሄድሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ዝም ትለኝ ነበር። ሳምንት ይመጣል፣ እገባለሁ፣ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሴትዮዋ ዝም። ዝም የሚለኝን ሰው ደግሞ አልችልም፤ ደሜ ይፈላል፣ ዝም ከምትለኝ ብትሰድበኝ እመርጣለሁ። ስለዚህ እኔው እለፈልፋለሁ። የለፈለፍሁትን ሁሉ ለካ ስትሰበስብ ኖራለች፣ አንድ ቀን «የስብዕና መታወክ» ብላ አወጣችው። ቃሉን በጀርመንኛ ነው ያለችው፣ በአማርኛ የመለስሁት እኔው ነኝ፣ ትራም ውስጥ፣ ጥርሴን ነክሼ። እንደ ወባ መጥቶ የሚሄድ በሽታ አይደለም አለችኝ። ሰው በልጅነቱ የዳነበት መንገድ ነው አለች። ልጅ የምትወዳትና የምትፈራት ሰው አንዲት ስትሆንባት መሸሻ ታጣለች፤ ስለዚህ ያችን ሰው በልቧ ለሁለት ትከፍላታለች፣ ደጓን በአንድ በኩል፣ ክፉዋን በሌላ በኩል፣ ክፉዋ ደጓን እንዳታጠፋባት። ያ መክፈል ያኔ ልጅቱን ያድናታል። ችግሩ አድጋም አይለቃትም፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ወይ መልአክ ወይ ሰይጣን ታደርገዋለች፣ ሊተወኝ ነው ብላ የጠረጠረችውን ቀድማ ትተወዋለች። ይህንን «ድንበር ላይ ያለ» ይሉታል አለችኝ። ድንበርስ እኔ ልንገርዎት አልኋት፤ በመተማ በኩል በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፣ እሾህና አቧራ ነው፣ እርስዎ ከዚህ ወንበር ሳይነሱ ስለ ድንበር ያስተምሩኛል? አልተቀየመችም። መቀየም እንኳን አታውቅም። ጻፈች።

«እንግዲህ ሁለት እናቶች ነበሩዎት» አለችኝ ሌላ ቀን። እርር ድብን አልሁ። አንዲት ናት ያለችኝ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ የአንበሳሜ ሰው፣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፈትል ክፍል ሠራተኛ። ከፈረቃ ስትገባ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፣ ማሽኑ ጆሮዋን ስላደነቆረው ቤትም ውስጥ እየጮኸች ነው የምታወራ፣ «ጨው አቀብዪኝ» ስትል ማዶ ያለው ጎረቤት ይሰማታል። ስትቆጣ ግን አትጮህም። አትመታምም፣ ብትመታኝ በተሻለኝ። ትዘጋለች። ኩርፊያዋ ሲጀምር መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ የለም፤ ሳህን ስለሰበርሁ ይሁን፣ ከሐይቁ ዳር ስላመሸሁ ይሁን፣ አክስቴን «እማ» ብዬ ስለጠራሁ ይሁን አይነገረኝም። ከአንድ መሶብ እየበላን፣ እጃችን እየተነካካ፣ ለወንድሜ ለአስናቀ «ንገራት፣ እንጀራ ትጨምር» ትለዋለች። አስናቀ አፉ ሙሉ ሆኖ «ጨምሪ ብላለች» ይለኛል። አስናቀ ከሌለ ደግሞ ለግድግዳው ነው የምትናገር። «ንገሯት፣ ውሃ አልተቀዳም።» ማን ይንገረኝ? ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ከዚያ አንድ ቀን፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ከሥራ ትገባና ፀጉሬን ይዛ ታጥበኛለች፣ እግሬን ታጥበኛለች፣ አንቺ ከሌለሽ ምን አለኝ እያለች አንገቴ ስር ገብታ ታለቅሳለች፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ከተነፈስሁ ይህችኛዋ ትሄዳለች ብዬ።

ይህንን ነው እንግዲህ ለሊንድነር የሰጠኋት። እሷ ደግሞ ምን ትላለች፣ «እናትዎስ በልጅነታቸው ማን ያናግራቸው ነበር?» ትላለች። ማንም። እናቷ አራስ ቤት ሞተችባት፣ አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት፣ በዚያ ቤት ስሟን ጠርቶ ያናገራት የለም፤ «ልጅቱ ትምጣ፣ ልጅቱ ትፍጭ» እየተባለች ነው ያደገች። ይህንን ስናገር አፌ ላይ ቀጥ አልሁ። ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። አዩ፣ ገባዎት፣ አላለችኝም። ባለችኝ ኖሮ እሰድባት ነበር። እናቴን ክፉ ናት ብትለኝ ዓይኗን አወጣው ነበር፣ ደግ ናት ብትለኝም ትዋሻለሽ እላት ነበር። ከሁለቱም ከለከለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ፍራሼ ስር የደበቅሁትን የፖለቲካ ወረቀት እናቴ አገኘችውና ማድቤት አስገብታ አቃጠለችው፣ ቃል አልወጣትም፣ ኩርፊያው ተጀመረ። በዚያው ሰሞን አብሮኝ የሚማረውን አምባቸውን የቀበሌ ጥበቃዎች ከቤቱ ወሰዱት፣ ወደ ቤቱም አልተመለሰ። ማታውን እናቴ አብዱልመጂድን ጠራችው። አብዱልመጂድ ከሐይቁ ዳር ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው፣ ወንድሙ ቡርሀን ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራ፣ በታንኳው ዓሣ የሚያጠምድ ነው። ሁለቱም መጡ። እኔ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጉልበቴ የቡርሀንን ጉልበት ሊነካ ምንም አልቀረው። እናቴ ወደ ቡርሀን ዞራ «ንገራት» ትላለች፣ «ጎህ ሳይቀድ ካንተ ጋር ትሄዳለች። ጎርጎራ የሚቀበላት ሰው አለ። ልብስ ደርባ ትልበስ።» ቡርሀን እኔን ያያል፣ እሷን ያያል። «ይችው እኮ፣ እየሰማች ነው» ይላታል። «ንገራት አልሁህ!» አለችው። ነገረኝ። በማግስቱ ዳር ድረስ መጣች፤ ስንቁን ለቡርሀን ሰጠችው፣ ነጠላዋን ሳብ አደረገችና ዞራ ሄደች፣ የጠዋት ፈረቃ ነበረባት። አልሳመችኝም። ሊንድነር «ምን ተሰማዎት?» ትለኛለች። ታንኳው ውሃ እያስገባ ነው፣ ምን ይሰማኛል፣ እግሬ ረጠበ አልኋት። ነፍሴን ያተረፈችልኝ ሴት አንዲት ቃል ነፈገችኝ፣ ይኸው ነው የተሰማኝ፣ ለሊንድነር ግን አልነግራትም፣ ለምን ብዬ።

ከጎርጎራ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ። የመኖሪያ ወረቀት ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ስልክ መደወል ነው። አብዱልመጂድ ሱቁ ውስጥ ስልክ አስገብቷል፣ ልጅ ልኮ ያስጠራልኛል፣ አዲስ አበባ ያለችው ኦፕሬተር «ባሕር ዳር ይጠብቁ» ትላለች፣ እጠብቃለሁ። አስናቀ ያነሳል። «እማዬን ስጠኝ» እለዋለሁ። ትንሽ ንትርክ ይሰማኛል፣ ከዚያ ከበስተኋላ፣ ያ ፈትል ክፍል ያደነቆረው ድምፅ፣ «ንገራት፣ ብርድ እንዳይመታት!» ይላል። ያን ያህል አገር አቋርጬ፣ ኩርፊያው አልተፈታም። ስልኩን አልነካውም አለች። አስናቀ እየሳቀ «ብርድ እንዳይመታሽ ትላለች» ይለኛል። ሰምቻለሁ እኮ፣ ከአንተ ቀድሜ ሰምቻለሁ። እኔም ግግም አልሁ፤ «ንገራት፣ ካፖርት ገዝቻለሁ» አልሁት። እንዲህ ሆነን ስንት ዓመት። በፍርሃት ነው ደግሞ፣ መስመሩ ላይ ጆሮ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለ ዘመቻ አይወራ፣ ስለ ቀበሌ አይወራ፣ ካፖርትና ብርድ ብቻ። ስልኩን ስዘጋ እሷን እረግማለሁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ያን ጩኸት ለመስማት እደውላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ከሞት በፊት አንድ ቀን መነጋገሪያውን ይዛ «ጽጌ» ትለኛለች ብዬ ነው የኖርሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ድምጿ የለም። «ጠበል ሄዳለች» አለኝ አስናቀ። እናቴ ጠበል? ቄሱን ካኮረፈች አሥር ዓመት ያለፋት ሴት? እሺ አልሁ። ቀጥሎ አንበሳሜ ለቅሶ ሄዳለች አለኝ። ቀጥሎ ጉንፋን ይዟታል፣ ድምጿ ተዘግቷል። ጉንፋን የእናቴን ድምፅ ሊዘጋ! ሲብስ ደግሞ «እማዬ ብርድ እንዳይመታሽ ትላለች» ይለኛል፣ ከኋላው ጭጭ ነው፣ የሱቁ ሚዛን ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ እሷ የለችም። ማን አለህ? ማን አለህ አንተ ቀጣፊ? አብዱልመጂድ ራሱ ድሮ ሲያነሳ «ፈረንጅቷ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር፣ አሁን «ልጄ» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ኢንሻላህ ነው» ይለኛል። ምኑ ነው ኢንሻላህ የሆነው? ምን ሆንሁና ነው አይዞሽ የምባል? ይህን ሁሉ እሰማለሁ፣ ከዚያ «ሰላም በላት» ብዬ እዘጋለሁ። አልጠይቅም። ወደ ሥራ እገባለሁ፣ የሰው እናት አጥባለሁ፣ የሰው እናት አለብሳለሁ።

ሰው የለዎትም ወይ ትለኛለች ሊንድነር፣ የአገርዎ ሰዎች። ነበሩ። መርስዔ ኀዘንና ሚስቱ እናትዓለም እዚሁ ሃኖፈር ናቸው፣ የጎንደር ሰዎች፣ መጀመሪያ ስመጣ ክፍላቸው ውስጥ ያሳደሩኝ፣ ቋንቋውን ያስያዙኝ፣ ከእነሱ ወዲያ ሰው የለም እል ነበር። አንድ የገና በዓል ሳይጠሩኝ ቀሩ። እናትዓለም ታማ ነበር አሉ፣ ማንንም አልጠራንም አሉ፣ መጥተው በሬን አንኳኩ። አልከፈትሁም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጫማቸውን በበሩ ስር እያየሁ ዝም አልኋቸው፣ እስኪሄዱ። አገላገሉኝ፤ አስመሳዮች፤ ማንም አያስፈልገኝም። ለሊንድነር ስነግራት ኮርቼ ነበር። እሷ ቀስ ብላ «ዝም አሏቸው?» አለችኝ። አዎ፣ ዝም አልኋቸው። «እንደ እናትዎ?» አለችኝ። የዚያን ቀንም በሩን አላትሜ ነው የወጣሁ።

እና ትናንት ያን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ያን ቀን የጮኹት በማን ሞት ነው? ስለ አሮጊቷ ስለ ጊዝላ መዓት ነገር አወራሁ፤ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር፣ እነሱ ዘንድ እንዴት እንደማይነገር። ሰማችኝ። ከዚያ ጥያቄዋን ደገመችው። ያኔ ነው የተነሳሁ። እንግዲህ አሁን እዚህ ተጋድሜ ለሷ መልስ እፈልጋለሁ፣ ልክ ልኳን የሚነግር መልስ፣ ሁሉም መልስ ደግሞ ወደ አንድ ቦታ ይወስደኛል፣ ወደዚያ ሱቅ፣ ከአስናቀ ኋላ ወዳለው ባዶ ቦታ። ሁሉም ያውቃሉ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አብዱልመጂድ ያውቃል፣ ሚስቱ ጦይባ ታውቃለች፣ ኦፕሬተሯም ሳታውቅ አትቀርም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም አውቃለሁ። በቃ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተነሳሁ፣ በባዶ እግሬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፣ የጋራው ስልክ ግድግዳው ላይ ነው። እሑድ አይደለም፣ ባልጠበቁኝ ቀን ነው የምይዛቸው። ይጠብቁ ትላለች ኦፕሬተሯ። ስጠብቅ ኖሬ የለም ወይ?

አብዱልመጂድ አነሳ። «ጋሼ፣ አስናቀን ይጥሩልኝ፣ ስልኩን አልዘጋም» አልሁት። ክርክር አልገጠመኝም፣ «እሺ ልጄ» አለ፣ ልጅ ላከ። የአስናቀ ትንፋሽ ሲደርስ እየሮጠ እንደመጣ ያስታውቃል።

«እታለም? ምነው በዛሬ ቀን? ደህና ነሽ?»

«እማዬን ስጠኝ።»

«ማን አለ አጠገብሽ?» አለኝ።

«ማንም የለም። እማዬን ስጠኝ።»

«እማዬ እኮ መሸንቲ ሄዳለች፣ ሙሽራ ልትጠይቅ፤ ብርድ እንዳይመታሽ ብላሻለች» ብሎ ያን የፈረደበትን ወሬ ጀመረልኝ። ልጮህበት አፌን ከፈትሁና እንዳለሁ ደርቄ ቀረሁ። ማን አለ አጠገብሽ። ከፋሲካ ወዲህ በየእሑዱ ይጠይቀኛል፤ እኔ የወሬ ማጣፈጫ መስሎኝ ማንም የለም፣ ማንም አያስፈልገኝም እያልሁ እጎርርበታለሁ፣ እሱ ደግሞ ወዲያው ጠበሉን ለቅሶውን ጉንፋኑን ይደረድርልኛል። ፈሪ ቀጣፊ እያልሁ የሰደብሁት ወንድሜ እኔን ነው ሲጠብቅ የኖረ፤ ሰው እስካገኝ። ማን መጥቶ በሬ ላይ ይሰብሰብልኝ? የዘጋሁት እኔ። በገንሁ፣ በእሱም አይደለም፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

«አስናቀ፣ ስማኝ» አልሁት። «ዋሽቼህ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። መርስዔ ኀዘን አለ፣ እናትዓለም አለች፣ የሥራ ባልደረቦቼም መጥተዋል። መቀመጫ ጠፍቶ ቆመዋል።»

«ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው።»

አስናቀ ማልቀስ ጀመረ፣ ጎልማሳው ወንድሜ፣ የልጅ አባት። «ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው» አለኝ። «ወደ ፈረቃ ስትወጣ እደጅ ላይ ወደቀች። ልቧ ነው አሉ። ሐኪም ቤት አደረች፣ ሲነጋ…»

«ለእኔ ያለችው ነገር አለ?»

«እታለም…»

«እንዳትዋሸኝ አስናቀ። እስከ ዛሬ የዋሸኸኝ ይበቃል።»

«የለም» አለኝ። «ስለ ልጆቼ ነገረችኝ፣ ስለ ቤቱ ነገረችኝ። ስላንቺ ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ምንም አላለችም።»

ኩርፊያሽን ይዘሽ ሄድሽ አይደል። ሙሉነሽ፣ ምን ነበረ፣ አንዲት ቃል ምን ነበረች፣ አፍሽ ስሜን እንዳይዝ ማን አማለሽ? ያን ሁሉ ጩኸት ለጎረቤት ሰጥተሽ ለእኔ ጊዜ አጣሽ? ግድግዳውን ያዝሁ፣ ግድግዳው ያንሸራትታል። ከአስናቀ በስተኋላ ጦይባ «ወይኔ ሙሌ፣ ወይኔ እህቴ» ብላ አፏን ለቀቀችው፣ ለእኔ ሲባል ታፍኖ የከረመው ለቅሶ ሁሉ በሱቁ ውስጥ ፈነዳ፣ አብዱልመጂድም ሲያለቅስ ሰማሁት። በኮሪደሩ አንዲት ጎረቤት የልብስ ቅርጫት ይዛ አለፈች፣ እንደምን ዋልሽ ብላኝ በሯን ዘጋች። አስናቀ አሁን እኔን አይደለም የሚያናግር፣ ቤቴ ውስጥ አሉ ላልሁት ሰዎች ነው የሚጮኸው፣ «መርስዔ! እናንተ ሰዎች፣ እባካችሁ ያዙልኝ፣ እንዳትወድቅ ግራ ቀኝ ያዙልኝ፣ ከእናንተ በቀር ብቻዋን ናት!» እያለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ተመለሰ።

«እታለም፣ ይዘውሻል?» አለኝ።

«ይዘውኛል» አልሁት።